ሰባ ስድስት ዲግሪ

እሑድ 12

ትናንት ሠርጉን ተወጣነው። ወገቤ የእኔ አይደለም።

ይህን ደብተር ማንም እንደማያነበው አውቃለሁ፤ ነገር ግን መግቢያ የሌለው ጽሑፍ አልወድም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ከቤታችን ጀርባ ባለው ግቢ የጥብስ ቤት ከፍታለች። ሁለት ግሪል አለን። አንዱ የሰፈሩ በያጅ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ እግር ያበጀለት የከሰል ነው፤ ሌላው ክዳን ያለው የጋዝ ነው። ጠባሹ አመዶ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ፊቱ ከአመድ ጠርቶ አያውቅም። ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ በግማሽ ነጥብ ጥዬዋለሁ። ዛሬም ድረስ «ቲቸር» እያለ ይጠራኛል።

የእኔ ሥራ መለካት ነው። ቴርሞሜትሩን ሥጋው ውስጥ እሰካለሁ፣ ዲግሪውን በመዝገብ አሰፍራለሁ፣ ከደረሰ «እለፍ» እላለሁ። እለፍ ያላልኩት ነገር ከፍርግርጉ አይነሳም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አመዶም አንድ ቀን አፍርሶት አያውቅም።

በትናንቱ ሠርግ የጠበስነው ለመቶ አርባ ሰው ነበር። ዓሣው እጅግ ጥሩ ወጣ። ፍርግርጉ አስቀድሞ በደንብ ግሎ፣ ዘይቱ ዓሣው ላይ እንጂ ብረቱ ላይ ሳይቀባ። አንዱ አስተናጋጅ ቶሎ ሊገለብጠው ሲል አመዶ እጁን መታው፦ «ዓሣ እንደ ኩርፊያ ነው፤ ራሱ እስኪለቅ አትነካካው!» ሽሪምፑን በየጎኑ ሁለት ሁለት ደቂቃ። የሙሽራው አባት ልብስ ሰፊ ነው፤ እኛ ዘንድ ድረስ ሳህኑን ይዞ መጥቶ «መምህር፣ ይህ ዓሣ በልኬ የተሰፋ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። ከላያችን የወጠርነው ሸራ በከሰሉ በኩል አፈሰሰ፤ የቀረው ከሰል ረጠበ፤ ጋዙም በዓሣው አልቆ ነበር፤ ጭሱ ዓይን አላስገልጥ አለ። የቀረው የዶሮው ጭን ብቻ ነበር። እንግዳው ሳህን ይዞ ተሰልፏል። የሙሽራዋ አጎት «ኧረ ዶሮው ገና እየተፈለፈለ ነው እንዴ?» እያለ ሰው ያስቃል። ልጄ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ «አባዬ፣ በናትህ!» አለችኝ። እንደምንም ወጣ።

መዝገቡ አንድም ባዶ ሳጥን የለውም።

ለነገ፦ ሽርጦቹን ማሳጠብ። የብረት ብሩሽ። ለቴርሞሜትሩ ባትሪ፣ ትንሿ ክብ፣ ሁለት።

ማክሰኞ 14

ከሠርጉ እንግዶች ዘጠኙ ሆዳቸውን ታመዋል አሉ። ልጄ «ከሰላጣው ነው፤ ሰላጣውን እኛ አልሠራንም» አለች። ሊሆን ይችላል። ሰላጣ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ረቡዕ 15

አሥራ ሰባት ደረሱ። ልብስ ሰፊው ሆስፒታል ገብቷል።

ከጤና ቢሮ መርማሪ መጣች። ወጣት ናት፤ ጥንቁቅ። ጉጠቱን፣ መክተፊያውን፣ ትሪዎቹን በጥጥ እየጠረገች በብልቃጥ ከተተች። በመጨረሻ መዝገቡን ጠየቀች፤ ሰጠኋት። ገጽ በገጽ ገለጠችው። «መምህር፣ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ መዝገብ አላየሁም» አለች። «ለሌሎች ማሳያ እንዲሆን ፎቶ ላንሳው?» ልጄ ከኋላ ሆና ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችኝ።

ግዴታዬ ነው አልኳት። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም።

ሐሙስ 16

ባትሪ ገዛሁ። ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውኃ ሞከርኩት፤ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አምስት። በበረዶ ውኃ፤ ዜሮ። ቴርሞሜትሩ ምንም እንከን የለበትም።

ቅዳሜ 18

ግቢው ታሽጓል። አመዶ ግን እንደ ሥራ ቀን በሰዓቱ መጣ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ዋልን።

«ቤት ብውል ሚስቴ ሽንኩርት ታስልጠኛለች» አለ። «እዚህ ቢያንስ ከቲቸር ጋር ቁጭ እላለሁ።»

«አልፈራህም?»

«ምን እፈራለሁ? እርስዎ አሉ፣ ደብተሩ አለ። እኔን እንኳ በግማሽ ነጥብ የጣለ እጅ የጻፈው ደብተር እኮ ነው!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «ያኔ ቤታችን ሄጄ ለእናቴ ስነግራት ምን እንዳለች ያውቃሉ? 'ልጄ፣ እኚህ ሰውዬ ለአባታቸውም አይጨምሩም' አለች።»

አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ጸሐዩ በዛብኝ አልኩና ገባሁ።

ማክሰኞ 21

ውጤቱ መጣ። ሰላጣው አይደለም፤ ዶሮው ነው።

መርማሪዋ ሳሎናችን ተቀምጣ ሁላችንም ባለንበት አስረዳች። ነገሩን እንደ ጥሩ ተማሪ ደረጃ በደረጃ ነው ያስቀመጠችው። ጥሬ ዶሮ ውስጥ ያለ ጀርም ሙቀቱ ሰባ አምስት ዲግሪ ከደረሰ አይተርፍም። መዝገቡ በአማካይ ሰባ ስድስት ይላል። ስለዚህ ዶሮው በስሎ ነበር። ስለዚህ የተበከለው ከበሰለ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሬውን የነካ ጉጠት ወይም ትሪ የበሰለውን ነክቶታል።

ሁሉም ወደ አመዶ ዞሩ።

«እኔ ጉጠት እቀይራለሁ» አለ። «ቀዩ ለጥሬ፣ ጥቁሩ ለበሰለ። ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ?» አለች መርማሪዋ። «በዚያ ዝናብ ውስጥም?»

አመዶ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መነጽሬን እየጠረግሁ ነበር።

ማታ ልጄ በስልክ ስትናገር ሰማሁ። «የእኛ አሠራር ንጹሕ ነው፤ መርማሪዋም ራሷ መስክራለች። ሰውየው ነው።»

ረቡዕ 22

ገና አልነጋም።

እስኪ በሥርዓት ላስብ። የዶሮ ጭን መብሰሉ በቴርሞሜትር ብቻ አይታወቅም። ሰው ቴርሞሜትር ሳይኖረውም ሲጠብስ ኖሯል። ሲወጉት የሚወርደው ጭማቂ ከጠራ በስሏል፤ ከቀላ አልበሰለም። እኔ ያን ቀን ጭማቂውን አይቻለሁ። ጠርቶ ነበር። ጭስ ነበር እንጂ ጠርቶ ነበር። ጠርቶ የነበረ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፤ ከሁለት ዓመት መዝገብ እንደምረዳው የዶሮ ጭን በዚያ ግሪል ላይ በሃያ ሁለት ደቂቃ ከሰባ አራት በታች ሆኖ አያውቅም። ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆይቷል። ሰዓቴን አይቻለሁ። እንግዲህ ያልተጠበቀ ቁጥር አይደለም።

ሦስተኛ የለኝም።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ የፔንዱለም ሙከራ ሳትሠራ ውጤቱን ጽፋ አመጣች። ዜሮ ሰጠኋት። «መምህር፣ መልሱ ልክ አይደለም እንዴ?» ብላ አለቀሰች። «መልሱ ልክ ነው፤ አንቺ ግን አላየሽውም» አልኳት። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለችኝ አላውቅም። ስሟ እንኳ ጠፍቶብኛል።

ዓርብ 24

ሙከራ ጀመርኩ።

ግሪሎቹ ስለታሸጉ ትንሿን የከሰል ምድጃ ከጓዳ አወጣሁና በረንዳ ላይ ፍርግርግ ደፋሁባት። ከሰሉን መዘንኩ። ለአንድ ኪሎ አንድ ኩባያ ተኩል ውኃ ረጨሁበት፤ የያን ቀኑ ዝናብ በግምት ይህን ያህል ነው። አራት የዶሮ ጭን፣ እያንዳንዱ በያን ቀኑ ክብደት። በአንዱ ጎን አሥራ አንድ ደቂቃ፣ በሌላው አሥራ አንድ።

አንደኛ፦ 61
ሁለተኛ፦ 58
ሦስተኛ፦ 63
አራተኛ፦ 60

ከላይ አምሮ ቀልቷል፤ ቆዳው ተኮማትሯል፤ ሽታውም የበሰለ ነው። ሰንጥቄ ሳየው አጥንቱ ሥር ሮዝ ነው።

ጭሱ ሰፈሩን አጠነው። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «መምህር፣ ቤትዎ ተቃጠለ እንዴ?» አለች።

«የለም፤ ሙከራ ላይ ነኝ።»

«በዚህ ዕድሜ? የሚያስተምሩት ሰው አጥተው ዶሮ ያስተምራሉ?»

አራቱንም ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ድመት እንዳያወጣቸው ድንጋይ ጫንኩባቸው።

ምድጃዋ ትንሽ ናት። በርሜሉ ሙቀት ይይዛል። ሙከራው ከእውነቱ ጋር አይመሳሰልም።

ቅዳሜ 25

አምስተኛ፣ በደረቅ ከሰል፦ 76።

ሰባ ስድስት! ብድግ ብዬ ቆምኩ። ለአንድ አፍታ ልጄን ልጠራት ነበር።

ከሰሉ ግን ደረቅ አልነበረም።

እሑድ 26

ልብስ ሰፊውን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ኩላሊቱን የሚያጥብ መሣሪያ ላይ ነው። ጣቶቹ አብጠው ቀለበቱን በመጋዝ ቆርጠው አወጡለት። ሚስቱ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ስለመጣሁ አመሰገነችኝ።

«እናንተ ምን ታደርጉ፤ ያ ቆሻሻ ሰውዬ ነው እንጂ» አለች። «እጁን ሳይታጠብ! ሰው በሠርግ ቀን እንዲህ ይደረጋል?»

እሱ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አወቀኝ። «መምህር... ልኬ ተለወጠ» አለ። ለመሳቅ ሞክሮ አቃተው።

ብርቱካን ይዤ ነበር፤ አልጋው ጎን አስቀምጬ ወጣሁ።

ማክሰኞ 28

ዛሬ የሆነውን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

አመዶ መጣ። ከስቷል፤ ፊቱ ከአመድ ጠርቷል፤ ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ። ሥራ ፍለጋ ዓሣ ገበያ ሄዶ ነበር። እዚያ በየጎኑ የሚጠብሱ ሰዎች አሉ፤ ድሮ አብሯቸው ሠርቷል። አንዷ ዓሣ ሻጭ ገና ሲደርስ «እጅህን ታጥበሃል?» ብላ ጮኸች። ገበያው በሙሉ ሳቀ። አንዱ ሳሙና ወረወረለት።

«መልሼ ወረወርኩለት» አለኝ። «ግንባሩን ነው የሳትኩት።»

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፦

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ያስታውሱኝ። ያን ቀን ጉጠት አልቀየርኩም እንዴ?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ቀይሬያለሁ እላለሁ። እጄ ያውቀዋል። ቀዩ በግራ፣ ጥቁሩ በቀኝ። ግን ሌሊት ተኝቼ አሰላሁት። ዶሮው ሰባ ስድስት ከነበረ... ነበር አይደል? ከነበረ ሌላ መንገድ የለውም። የኔ እጅ ነው። እርስዎ የጻፉት ስህተት ሊሆን አይችል። እንግዲያው የተሳሳተው የኔ ማስታወስ ነው።» ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። «ሰው ግን የራሱን እጅ እንዲህ ይረሳል?»

ያን ቀን ዝናቡ ውስጥ «ቲቸር፣ ይለኩልኝ!» እያለ ሲጮኽ እሰማዋለሁ። አሥራ አራት ጊዜ ነው የጮኸው። አሥራ አራት ጊዜ «እለፍ» አልኩት።

ሻይ ላፍላልህ ብዬ ተነሳሁ። ወጥ ቤት ቆሜ ውኃው ተኖ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ስመለስ ሄዷል።

ረቡዕ 29

ለልጄ ነገርኳት። ሽሪምፕ የሚሰካባቸውን የብረት ሽቦዎች በዘይት እየወለወለች ነበር። ባትሪው ሽሪምፑ እንዳለቀ መሞቱን፣ ቴርሞሜትሩን ሥጋው ውስጥ እየሰካሁ ባዶ መስታወት ሳይ እንደነበርኩ፣ ቁጥሩን ከልምድ እንደጻፍኩ ነገርኳት።

እጇ አላቆመም። አንዱን ሽቦ ጨርሳ ሌላውን አነሳች።

«አባዬ፣ ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያው ለማን ነው የምትመልሰው?»

«አመዶ...»

«አመዶ ሰኞ ይፈርማል። ጥፋቴ ነው ብሎ ከፈረመ እኛ በሳምንቱ እንከፍታለን፤ መርማሪዋ ነግራኛለች። የሐሰት መዝገብ ከተባለ ግን መቼም አንከፍትም። ይቺ ግሪል እኮ ናት ያለችኝ፣ አባዬ። ሌላ ምን አለኝ?»

«እሱስ? የጠባሽነት ፈቃድ ካርዱን ይቀሙታል። ዳግመኛ የትም እሳት ፊት አይቆምም። ልብስ ሰፊው አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ ፍርድ ቤት...»

«ዶሮውን ያነሳው እሱ ነው።»

«እለፍ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ቃል ነው። ቃል መዝገብ ላይ የለም።» ከዚያ ሽቦዎቹን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀቻቸው፤ ተንኳኩተው ተበተኑ። «'አባዬ በናትህ' ብዬ የጨቀጨቅሁህ እኔ ነኝ። ይህንንስ ትነግራቸዋለህ?»

አቅፋኝ አለቀሰች። በልጅነቷም ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም ነበር።

ተው አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሐሙስ 30

እሺ ብያለሁ። አባት ነኝ።

ዓርብ 1

ወሩ ገባ። ልብስ ሰፊው እንደዚያው ነው። ስድስተኛ ሙከራ አልሠራሁም፤ የሚጣራ ነገር የለም።

እሑድ 3

ይህን ሳልጽፈው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር።

አመዶ ከሰዓት መጣ። ነገ የሚፈርምበትን መግለጫ በራሱ እጅ ጽፎ አምጥቷል። «ቢሮ ሰው ፊት ነው የሚነበበው፤ እንዳልዋረድ ቢያርሙልኝ ብዬ ነው» አለ። ሁለት ገጽ ነው። እንደ ተማሪ ቆሞ ጠበቀኝ።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። እጄ በራሱ ነው የሄደው። ሦስት የፊደል ስህተት አረምኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ረዝሞ ስለነበር ለሁለት ከፈልኩት። ከሁለተኛው ገጽ ላይ «ጉጠቱን ሳልቀይር የቀረሁ ይመስለኛል» ይላል። «ይመስለኛል» የሚለውን ሠረዝኩና በዳሩ «ግልጽ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።

«እንዴት ልበለው ታዲያ?» አለ።

«መግለጫ ውስጥ ይመስለኛል አይባልም። ቀይረሃል ወይም አልቀየርክም።»

ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አስተካከለው። «ጉጠቱን አልቀየርኩም።» ቀና ብሎ አየኝ። «አሁንስ?»

«አሁን ጥሩ ነው» አልኩት።

ጥሩ ነው አልኩት።

ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ «ቲቸር፣ አሁን ስንት ይሰጡኛል?» አለና ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ጨለመ። ልጄ ምግብ አቅርባ፣ መልሳ አነሳች። የተሰረዘው ቃል በሰውየው ጽሑፍ ውስጥ የቀረ ብቸኛው እውነት ነበር። እሱንም እኔ አወጣሁለት።

ሰኞ 4

ቢሮው በሦስት ሰዓት ይከፈታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደጃፉ ነበርኩ። ጠዋት ኮቴን ስለብስ ልጄ የት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም፤ አንገትጌዬን አስተካክላ ተመለሰች።

መርማሪዋን ከአመዶ በፊት ላገኛት ነበር ሐሳቤ። እሱ ግን ቀድሞ መጥቷል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ሁለታችንም አብረን ገባን።

«ከመፈረሙ በፊት የምናገረው አለኝ» አልኳት። «ዶሮው አልተለካም።»

«ይቅርታ፣ መምህር?»

«ባትሪው ሞቶ ነበር። ያን ቀን በመዝገቡ ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ አሥራ አራት መስመሮች አንዱም አልተለካም። በርጥብ ከሰል ላይ አራት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ከስድሳ ሦስት አልፎ አያውቅም። ዶሮው ጥሬ ነበር የወጣው። እኔ ነኝ እለፍ ያልኩት። የዚህ ሰው ጉጠት ንጹሕ ነው።»

መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቁጥሮቹ እኮ ይለያያሉ» አለች ቀስ ብላ። «ሰባ ስድስት። ሰባ አምስት። ሰባ ስምንት። ካልለኩ ለምን ይለያያሉ?»

«አንድ ዓይነት ቢሆኑ ያስጠረጥራሉ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህን ነገር ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ባትሪ ማለቁ ድንገት ነው፤ ማንም ላይ ይደርሳል። ቁጥሮቹን ግን መርጫቸዋለሁ። በዚያ ዝናብና ጫጫታ መካከል፣ ሰው እየተራበ፣ ከሰባ አምስት ቀጥሎ ሰባ ስምንት ቢሆን ያምራል ብዬ አስቤአለሁ።

በየመስመሩ ጎን «አልተለካም» ብላ ጻፈችና እንድፈርም ሰጠችኝ። አሥራ አራት ጊዜ ፈረምኩ። አመዶ ቆሞ እያየ ነበር። እፎይ ይላል፣ ወይም ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረገም።

«የእርስዎ መግለጫ አያስፈልግም» አለችው። «ካርድዎን ይዘው መሄድ ይችላሉ።»

ካርዱን ተቀበለ። አልሄደም። ከኪሱ ያቺን የታረመች ወረቀት አውጥቶ ዘረጋት።

«ትናንት ይህን ሲያርሙልኝ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ይህን ቃል ሲሰርዙትም?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ያልገባው ነገር በመጨረሻ እንደገባው ተማሪ። «እኔ እኮ እያበድኩ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ለሚስቴም ነገርኳት። 'እጄን ከድቼዋለሁ' አልኳት።» ወረቀቷን በአራት አጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተ። «ደህና ይዋሉ» ብሎ ወጣ። ቲቸር አላለኝም።

ማክሰኞ 5

ፈቃዱ ተሰርዟል፤ ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። ልጄ አንብባ ማቀዝቀዣው ሥር ካለው መሳቢያ ከተተችው። ከሰዓት በኋላ በያጁን ጠርታ በርሜሉን እንዲወስደው ነገረችው። ሲያነሱት አመዱ ግቢውን ሞላው፤ መጥረጊያ ይዛ ብቻዋን ጠረገችው። ላግዝሽ ስላት «ተቀመጥ» አለችኝ። ክፉ ድምፅ አልነበረም። ደግም አልነበረም።

ማታ እራት ላይ ድንገት፦

«ለልብስ ሰፊው ቤተሰብ ማን ነው የሚነግራቸው?»

«ቢሮው ደብዳቤ ይጽፋል።»

ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። ወደ ሌላ ነገር እንዳልዞር አድርጋ ነው ያየችኝ። እናቷም እንዲህ ታይ ነበር።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል እሄዳለሁ። ሚስቱ እንደ ባለፈው እጄን በሁለት እጇ ልትይዝ ትመጣለች። ከመያዟ በፊት ነው መናገር ያለብኝ። ከያዘችኝ አልችልም።